በቦርንመዝ ምድጃ የነደደው ረቂቅ

የስኮትላንዳዊው ደራሲ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ልደቱም ሞቱም ኅዳር ላይ ነው። ኤዲንብራ ከተማ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1850፣ ሳሞአ ደሴቶች ላይ ያረፈው ደግሞ ዲሴምበር 3 ቀን 1894 ሲሆን፣ ሁለቱም ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ኅዳር ውስጥ ይውላሉ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ወሩ ሳይወጣ ስለዚህ ሰው አንድ ነገር እንዲጻፍ የፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ስቲቨንሰን የኖረው አርባ አራት ዓመት ብቻ ነው። ከልጅነቱ የያዘው የደረት ሕመም ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም፤ ደም እያስታወከ፣ ዝም በል እየተባለ፣ ብዙውን ጊዜ ትራስ ተደግፎ ነበር የሚጽፈው። እንዲያም ሆኖ የባሕር ወንበዴዎችን ታሪክ ለልጆች፣ የደጋማውን ስኮትላንድ ሽሽትና አመፅ ለአገሩ፣ የሐሩር ባሕርን ተረት ለዓለም አበርክቷል። ከሁሉም ርቆ የተጓዘው ግን ሠላሳ ሺህ ቃል እንኳ የማይሞላ ትንሽ መጽሐፍ ነው። የተከበሩት ዶክተር ጂክል በቤተ ሙከራቸው የቀመሙትን ዱቄት በጥብጠው ይጠጣሉ፤ አጭር፣ ፊቱን ያዩ ሁሉ የሚጸየፉት፣ ሚስተር ሃይድ የሚባል ክፉ ሰው ሆነው ይወጣሉ። ይህን ያላነበበም ሰምቶታል።

ይህ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ተጽፏል ይባላል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ በምትገኘው በቦርንመዝ ከተማ፣ በ1885 መጸው፣ አንድ ምድጃ ውስጥ ነደደ። ማን ነው ያቃጠለው? ለምን? ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነጋግር ኖሮ በ2000 አንድ ደብዳቤ ብቅ ሲል እንደገና ተቀሰቀሰ። እሳቱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ቤተሰቡና ስለ ትውልድ ከተማው ጥቂት እንበል።

ስቲቨንሰኖች የባሕር መብራት ማማ ገንቢዎች ናቸው። አያቱ፣ ስሙን ያወረሰው ሮበርት፣ ባሕሩ ሲሞላ ውኃ በሚውጠው ቤል ሮክ በተባለ ቋጥኝ ላይ ዛሬም የቆመውን ማማ የገነባ መሐንዲስ ነው። አጎቱ አለን በምዕራብ በኩል፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ የስኬሪቮርን ማማ አቆመ። አባቱ ቶማስም በዚያው ሙያ አረጀ። ሉዊስም የእነሱን መንገድ እንዲከተል በ1867 ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ገባ፤ በ1871 አልችልም አለ። አባትዬው ቢያንስ ሕግ ተማር ብለው አስታረቁት፤ በ1875 ጠበቃ ሆነ፣ ጥብቅናውን ግን አልሠራበትም ማለት ይቻላል።

ከአያቱም ከአባቱም ይልቅ በአእምሮው ላይ ማኅተሟን ያሳረፈችው ሞግዚቱ አሊሰን ካኒንግሃም ነች። ቤተሰቡ «ካሚ» ይሏት ነበር። የጠበቀ የካልቪን እምነት ያላት፣ ቁማርና ቲያትር ሰይጣን የዘረጋቸው ወጥመዶች ናቸው ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ልጁ ሲያስል ሌሊቱን ሙሉ አብራው ትነቃለች፤ ወደ መስኮት ወስዳ የመንገዱን መብራት ታሳየዋለች፤ እስኪነጋ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ስለ እምነታቸው የተሰዉ የስኮትላንድ ሰማዕታትን ገድል፣ የሙታንን ወሬ ትተርክለታለች። ልጁ ይህን ሁሉ እየሰማ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ከእንቅልፉም እየጮኸ ይነሳል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጂክልን በጻፈበት በዚያው በ1885፣ የልጆች ግጥሞቹን መድበል ለእሷ መታሰቢያ አደረገ። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር። ያስፈራችውም እውነት ነው።

ያ ልጅ በሚተኛበት ክፍል አንድ ቁም ሣጥን ነበር። ሠሪው ዊልያም ብሮዲ ይባላል። ብሮዲ በ18ኛው መቶ ዓመት ኤዲንብራ የታወቀ ሰው ነበር፤ የአናጢዎች ማኅበር አለቃ፣ የከተማው ምክር ቤት አባል። ቀን የባለጸጎችን ቁም ሣጥን ይሠራል፣ በራቸውን ያስተካክላል፤ በዚያው የቁልፋቸውን ቅርጽ በሰም ያትማል። ሲመሽ ያስቀረጸውን ቁልፍ ይዞ፣ ጨርቅ ፊቱ ላይ አስሮ፣ የቀን ደንበኞቹን ይዘርፋል። ቁማርና የአውራ ዶሮ ፍልሚያ ገንዘቡን ይበሉበታል፤ አንዷ ስለሌላዋ የማታውቅ ሁለት ውሽሞችና ከእነሱ የወለዳቸው አምስት ልጆችም ነበሩት። በ1788 የመንግሥት ቀረጥ መሥሪያ ቤት ሊዘርፍ ከግብረ አበሮቹ ጋር ገብቶ ነገሩ ከሸፈ፤ አንደኛው አወጣው። ብሮዲ እስከ አምስተርዳም ሸሽቶ ተያዘ፣ ተመለሰ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1788 በሕዝብ ፊት ተሰቀለ። የተሰቀለበትን መስቀያ ራሱ ነው የነደፈው የሚለው ወሬ የከተማው ማሳመሪያ ይመስለኛል፤ ኤዲንብራ እንዲህ ያለ ማሳመሪያ ትወዳለች።

ስቲቨንሰን ስለ ብሮዲ ተውኔት መሞከር የጀመረው ገና በጉርምስናው ነው፤ ኋላም ከወዳጁ ከገጣሚው ዊልያም ኧርነስት ሄንሊ ጋር ጨርሶት መድረክ ላይ ወጣ። ተውኔቱ አልሠመረም። ሰውየው ግን ከአእምሮው አልወጣም። እንዴት ይውጣ? ከተማዋ ራሷ ለሁለት የተከፈለች ነች። በአንድ ወገን አሮጌው ከተማ አለ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበበት፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹ ወደ ጨለማ የሚወርዱበት። በሌላው ወገን በገመድ ተለክቶ የተሠራው አዲሱ ከተማ፣ የጠበቆችና የሐኪሞች ሰፈር። የስቲቨንሰን ቤተሰብ የሚኖረው በአዲሱ ከተማ፣ በሄሪየት ሮው 17 ቁጥር ነው። ወጣቱ ሉዊስ እሑድ ከአባቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይቀመጣል፤ በሌላው ቀን ማታ ከፋይ ጃኬቱን ለብሶ በየመጠጥ ቤቱ ይዞራል፤ እዚያ ያሉት ሴቶችና ሌቦች «ከፋይ ኮት» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። በ1873 መጀመሪያ አባቱ ስለ እምነቱ አጥብቀው ጠየቁት፤ እሱም ዋሽቶ ማደር ስላልቻለ እንደ እነሱ እንደማያምን ተናገረ። ቤቱ ለወራት ሐዘን የተቀመጠበት መሰለ። ስለ ሁለት ገጽታ ለማወቅ ይህ ሰው ዱቄት መበጥበጥ አላስፈለገውም።

ከዚያ ፋኒ መጣች። ፋኒ ቫን ደ ግሪፍት ኦዝቦርን አሜሪካዊት ነች፤ በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች፤ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። በ1876 ፈረንሳይ ውስጥ በሠዓሊዎች መንደር ተገናኙ። በ1879 እሷን ፍለጋ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ አሜሪካን በስደተኞች ባቡር አቋርጦ ካሊፎርኒያ ሲደርስ ለመሞት ጥቂት ቀርቶት ነበር። እሷ ከባሏ ተፋታ በሜይ 1880 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተጋቡ። የሉዊስ ወዳጆች፣ በተለይም ሄንሊ፣ ይህችን ሴት ከልባቸው አልተቀበሏትም። ይህን እናስታውሰው፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በ1885 አባትዬው ለምራታቸው ቦርንመዝ ላይ አንድ ቤት ገዝተው ሰጡ። ባልና ሚስቱ ቤቱን በአጎት አለን ማማ ስም «ስኬሪቮር» አሉት። በዚያው ዓመት ሠዓሊው ጆን ሲንገር ሳርጀንት መጥቶ ሁለቱን በአንድ ሸራ ላይ አስቀመጣቸው። ሥዕሉ የሚገርም ነው። ሉዊስ ቀጭን እግሮቹን እያጣመረ፣ ጺሙን በጣቱ እየነካካ፣ ከሸራው ሊወጣ እንደተቃረበ ሰው ክፍሉን እያቋረጠ ነው። በመካከል የተከፈተ በር። ፋኒ ግን በቀኝ ጠርዝ፣ በሚያብረቀርቅ የሕንድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ግማሽ አካሏን ክፈፉ ቆርጦት ተቀምጣለች። ስለዚህ ቤት የተጻፉትን የሕይወት ታሪኮች ሳነብ ይህ ሥዕል ይታወሰኛል፤ አብዛኞቹ እሷን ያስቀመጧት እዚያው ጠርዝ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅዠቱ። ስቲቨንሰን ስለዚህ ነገር ራሱ የጻፈው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1888 በስክሪብነርስ መጽሔት ስለ ሕልም ባሳተመው ድርሰት ነው። ገንዘብ ቸግሮት እንደነበር አይደብቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ታሪክ ፍለጋ አእምሮውን ሲያስጨንቅ ቆይቶ በሁለተኛው ሌሊት አለመ፤ መስኮቱ ላይ የሚሆነውን ትዕይንት፣ ከዚያም ሃይድ በወንጀል ሲታደን አሳዳጆቹ ፊት ዱቄቱን ጠጥቶ የሚለወጥበትን። የቀረውን ሁሉ ነቅቼ ነው የሠራሁት ይላል። ሚስቱ ሲጮኽ ሰምታ ቀሰቀሰችው፣ እሱም ደስ የሚል የጭራቅ ታሪክ አቋረጥሽብኝ ብሎ ተቆጣት የሚለውን የምናውቀው ከሌሎች አፍ ነው።

በዚህ ድርሰት ውስጥ ስለ እሳት አንድ ቃል አለ፤ ብዙ ሰው ግን ዘልሎት ያልፋል። ስለ ሰው ሁለትነት ከዚህ ቀደም ሌላ ታሪክ ጽፌ ነበር ይላል። አንድ አዘጋጅ ድንቅ ግን ነውረኛ ነው ብሎ መለሰብኝ፤ እኔም ድንቅ አለመሆኑን ስላወቅሁና ጂክል ቦታውን ስለወሰደበት በቅርቡ አቃጠልሁት ይላል። ሰውየው ወረቀት ማቃጠል የሚከብደው ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ስለ ጂክል ረቂቅ መቃጠል ሁለት ምስክሮች አሉን፤ አይስማሙም።

የመጀመሪያው የሉዊስ ዘመድ ግራም ባልፎር ነው፤ በ1901 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንዲህ ይተርካል። ሉዊስ ታሞ አልጋ ላይ ነው። ረቂቁን ጨርሶ ለፋኒ ይሰጣታል። በቤቱ ልማድ መሠረት ፋኒ አስተያየቷን በጽሑፍ ታቀርባለች። ነገሩ ምሳሌ መሆን ሲገባው አንተ ተራ ታሪክ አድርገህ ጻፍኸው ትለዋለች። በዚያ ረቂቅ ውስጥ ጂክል ከመጀመሪያውም ክፉ ሰው ነበር፤ ሃይድ የሚደበቅበት ጭንብል ብቻ ነበር። በእኛ አነጋገር ሰሙ አለ፣ ወርቁ ጎድሏል ማለቷ ነው። ወረቀቱን ትታለት ትወጣለች። ጥቂት ቆይቶ ደወል ይደወላል። ስትመለስ ሉዊስ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ የትኩሳት መለኪያ በአፉ እንደያዘ፣ በረጅም ጣቱ የአመድ ክምር ያሳያታል። አንቺ ትክክል ነሽ፤ አሮጌውን ካላጠፋሁት እጄ ወደ እሱ ይመለሳል ብሎ ሁሉንም አቃጥሎታል። ከዚያ አዲሱን ጻፈ፣ ሦስት ቀን ፈጀበት።

ሁለተኛው ምስክር የእንጀራ ልጁ ሎይድ ኦዝቦርን ነው። ነገሩ ሲሆን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ትዝታውን ያሳተመው በ1924 ነው። የእሱ ትረካ እንደ ቲያትር ነው። ሉዊስ ከፎቅ ወርዶ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል። ሎይድ ፈዞ ያዳምጣል። ፋኒ ግን ዝም። ከዚያ ያንኑ ትችት በአፏ ትናገራለች፤ ሉዊስ ገንፍሎ ይቆጣል፤ ልጁ ጠቡን ላለማየት ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። ቆይቶ ሉዊስ ተመልሶ ይመጣና ተሸነፍሁ ብሎ ወረቀቱን እናትና ልጅ እያዩት፣ እየጮኹ፣ እሳት ውስጥ ይወረውረዋል። ከዚያ ሦስት ቀን ጽፎ ጨረሰ። ሎይድ ሁለቱን ረቂቆች ደምሮ በስድስት ቀን 64,000 ቃላት ይላል።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ታትሞ የወጣው መጽሐፍ ሠላሳ ሺህ ቃል አይሞላም። በሎይድ ቁጥር ከሄድን እያንዳንዱ ረቂቅ ከመጽሐፉ ይበልጣል፤ መናገር የተከለከለ ሕመምተኛም በቀን ከአሥር ሺህ ቃል በላይ በብዕር ጻፈ ማለት ይሆናል። ባልፎር ያለው የትኩሳት መለኪያ ግን እንዲያው ከአየር የሚመጣ ነገር አይመስለኝም። የጀግና ታሪክ ሊፈጥር የተነሳ ሰው ጀግናውን ቴርሞሜትር አያስነክሰውም። በዚያ ላይ ባልፎር መጽሐፉን የጻፈው ፋኒ በሕይወት እያለች፣ የምታውቀውን እየነገረችው ነው። ሎይድ ሲጽፍ ፋኒ ከሞተች አሥር ዓመት ሆኗት ነበር፤ በዚያ ክፍል ነበርን ካላቸው ሦስት ሰዎች የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ የሚያርመው አልነበረም።

በ2000 ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፋኒ በ1885 ለሄንሊ የጻፈችው ደብዳቤ ለንደን ውስጥ ለጨረታ ቀረበ። በደብዳቤው ላይ ሉዊስ አንድ ታሪክ ይዞት እረፍት እንደነሳው፣ ከዚህ ቀደም ግን ብዙ ወረቀት ከንቱ ነገር ጽፎበት እንደነበር፣ ደግነቱ አሁን እንደረሳው፣ ለሄንሊ ካሳየችው በኋላ እንደምታቃጥለው ትናገራለች። እሱ ግን ትልቁ ሥራዬ ነው ብሎ ነበር ስትልም ታክላለች። ጋዜጦቹ ወዲያው ተቀባበሉት። የጂክልን ረቂቅ ያቃጠለችው ሚስቱ ነች፣ የአልጋውም የእንግዳ መቀበያውም ታሪክ የቤተሰብ መሸፈኛ ነው ተባለ።

ደብዳቤው በዘመኑ የተጻፈ ነው፤ ከትዝታ ይበልጣል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ቀረብ ብለን እናንብበው። ደራሲው የረሳው ሥራ ይላል። ጂክልን ማን ረሳው? በባልፎርም በሎይድም ትረካ ሉዊስ በዚያው ሰሞን እንደ ተለከፈ ሰው መልሶ ጽፎታል፤ በተከታዩ ጃንዋሪ ታትሟል። በዚያ ቤት የሚቃጠል ወረቀት ደግሞ አንድ ብቻ እንዳልነበር ከራሱ ድርሰት አይተናል። እንዲያውም ፋኒ በዚያ ደብዳቤ ላይ በአንድ ወገን የተጣለ ከንቱ ሥራ፣ በሌላ ወገን ሰውየውን የያዘ አዲስ ታሪክ ታስቀምጣለች። አዲሱ ነው ጂክል ሊሆን የሚቀርበው።

ተቀባዩንም አንርሳ። ሄንሊ አንድ እግሩን በአጥንት ነቀርሳ ያጣ፣ ድምፁ ቤት የሚሞላ፣ ቀይ ጺም ያለው ሰው ነበር። ስቲቨንሰን የባለ አንድ እግሩን ወንበዴ የሎንግ ጆን ሲልቨርን ጉልበት ከእሱ እንደቀዳ ራሱ ነግሮታል። ሄንሊ ፋኒ ወዳጄን በበሽታ አሳብባ ከኔ ነጠቀችኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ስትጽፍ ባሏን እሷ ልክ እያስገባችው እንዳለች፣ ሥራውም እሷ እጅ እንዳለ ማሳየቷ አይደንቅም። ሁለቱ የለየለት ጠብ ውስጥ የገቡት በ1888 ነው። ፋኒ በስክሪብነርስ «ኒክሲ» የሚል አጭር ልብ ወለድ አሳተመች፤ ሄንሊ ለሉዊስ በጻፈው ደብዳቤ ይህ እኮ የካትሪን ደ ማቶስ ታሪክ ነው፣ ስሟ የታለ? አለ። ካትሪን የሉዊስ የአጎት ልጅ ነች። የጂክል መጽሐፍ መታሰቢያነቱ የተሰጠው ለማን እንደሆነ መጀመሪያ ገጹን የገለጠ ያውቃል፤ ለዚችው ለካትሪን ነው። ወዳጅነታቸው ከዚያ በኋላ አልዳነም።

ከምስክሮቹ ሁሉ የተሻለው ግን አፍ የሌለው ነው። የረቂቁ የተወሰኑ ቅጠሎች ዛሬ በየል ዩኒቨርሲቲ ቤይኒኪ ቤተ መጻሕፍት፣ ለኅትመት የተዘጋጀው ጽሑፍ ደግሞ በኒው ዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የየሉ ረቂቅ ከታተመው ይለያል፤ ስርዝ ድልዝ የበዛበት፣ ታሪኩ ገና ቅርጹን ሲፈልግ የሚታይበት ነው። በሞርጋኑ ላይም ደራሲው እስከ መጨረሻው ሲነቅልና ሲተክል ይታያል። ሦስት ቀን ወረቀት ላይ የፈሰሰ ነገር ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ሳምንታት ወስዷል። የቅዠቱና የእሳቱ ወሬ ይህን ሁሉ ልፋት አመድ አድርጎብን ነበር። እኔ የማምነው አንድ ረቂቅ በሉዊስ በራሱ እጅ፣ በፋኒ ምክር ምክንያት፣ መቃጠሉን ነው። ያቺ ሴት አንድ ገጽ ሳታቃጥል መጽሐፉን አድናዋለች። ጂክል ጭንብል ያጠለቀ ወንጀለኛ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ብሮዲን በእንግሊዝ ልብስ ከማየት በቀር ምን እናገኝ ነበር?

የምድጃውን ነገር ለማጣራት ወደ ቦታው መሄድ አይቻልም። ስኬሪቮር በኖቬምበር 1940 በጀርመን ቦምብ ተመቶ ኋላ ፈረሰ፤ የመሠረቱ ቅርጽ በአትክልት ስፍራ ውስጥ ተሠምሮ ቀርቷል።

ስለ ታሪኩ መነሻ ምንጮችም ክርክር አለ። ፋኒ ኋላ በጻፈችው መቅድም የብሮዲን ቁም ሣጥንና ባሏ ያነበበውን ስለ ድብቅ አእምሮ የሚያወራ የፈረንሳይ የሳይንስ መጽሔት ታነሳለች። እሱ ግን ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ፣ እውነተኛ የሁለት ማንነት በሽተኛ መኖሩን የሰማሁት መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ነው ብሏል። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በኮኬይን ኃይል ነው የጻፈው የሚል ሐኪም ተነሳ። ለሁሉም ቦታ አለ። ሞግዚቷና ቁም ሣጥኑ ለነበሩት ሰው ግን ከመጽሔቱ ምን ቀረው እላለሁ።

መጽሐፉ ለገና ገበያ ታስቦ ነበር፤ የመጻሕፍት መደብሮች በበዓል ዕትሞች ተሞልተው ስለነበር ወደ ጃንዋሪ 1886 ተገፋ። ዋጋው አንድ ሽልንግ። መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ታይምስ ጋዜጣ ሲያወድሰው ግን ገበያው ተነሳ፤ በስድስት ወር ውስጥ እንግሊዝ ውስጥ 40,000 ያህል ተሸጠ፤ ሰባኪዎች በዓውደ ምሕረት ጠቀሱት። ዛሬ እኛ የማናገኘው አንድ ነገር እነዚያ አንባቢዎች ነበራቸው። ጂክልና ሃይድ አንድ ሰው መሆናቸውን እስከ መጨረሻዎቹ ገጾች አያውቁም ነበር። የያዙት የወንጀል ምርመራ ታሪክ መስሏቸው ነው ያነበቡት። ለምን የተከበሩ ሐኪም ይህን አውሬ በኑዛዜ ወራሽ አደረጉት? አስፈራርቷቸው ይሆን? እያሉ። ዝናው ራሱ የታሪኩን ምሥጢር በላው።

ምሥጢሩን ለሕዝብ ያወጣው መድረኩ ነው። ተዋናዩ ሪቻርድ ማንስፊልድ በ1887 ቦስተን ላይ፣ በኦገስት 1888 ደግሞ ለንደን በሚገኘው ላይሲየም ቲያትር በተመልካች ፊት ከጂክል ወደ ሃይድ ተለወጠ፤ ሴቶች ራሳቸውን ሳቱ ተባለ። በዚያው ወር መጨረሻ በዋይትቻፕል ሰፈር ጃክ ዘ ሪፐር የተባለው ነፍሰ ገዳይ ሴቶችን ማረድ ጀመረ። ለፖሊስ ከጎረፉት ደብዳቤዎች አንዱ ገዳዩ ማንስፊልድ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር። እንዲህ የሚለወጥ ሰው ምን ያቅተዋል ነው ነገሩ። ጋዜጦች ነፍሰ ገዳዩን «ሃይድ» ማለት ጀመሩ፤ ተውኔቱም በዚያው መጸው ከመድረክ ወረደ።

ስቲቨንሰን ያኔ እንግሊዝ አልነበረም። አባቱ በ1887 ሲሞቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ባሕሮች ሄዷል። በሳሞአ ቫይሊማ በተባለ ስፍራ ቤት ሠራ፤ የአገሩ ሰዎች «ቱሲታላ»፣ ተረት ነጋሪው፣ አሉት። እዚያ ሳለ ምኞት የሚፈጽም ጂን ስላለበት ጠርሙስ የጻፈው ታሪክ በ1891 በሳሞአ ቋንቋ ተተርጉሞ በሚሲዮናውያን መጽሔት ወጣ። ጠርሙሱን የያዘ የሚመኘውን ሁሉ ያገኛል፤ ከገዛበት ዋጋ ባነሰ ሳይሸጠው ከሞተ ግን ሲኦል ነው። ልብ ወለድ የሚባለውን ነገር ያልለመዱ አንባቢዎች ትልቁን ቤቱን ሲያዩ እንቆቅልሹ ተፈታላቸው። ሊጎበኙት ከሚመጡት አንዳንዶቹ ተጫውተው ሲያበቁ ጠርሙሱን አሳየን ይሉት ነበር። ካሚ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር መገመት አይከብድም።

እስከ መጨረሻው ከሐሩር ምድር ሆኖ የሚጽፈው ስለ ኤዲንብራ ነበር፤ ስለ አንድ ጨካኝ ዳኛና ስለ ልጁ የጀመረው ልብ ወለድ ሳያልቅ ቀርቷል። ዲሴምበር 3 ቀን 1894 ማምሻውን ከፋኒ ጋር የሰላጣ ማጣፈጫ ሲያዘጋጅ ድንገት ራሱን ያዘ፣ ፊቴ ተለውጧል እንዴ? ብሎ ጠየቃት፣ ወደቀ። በራሱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ሳሞአውያን ሌሊቱን ሙሉ ደን እየመነጠሩ መንገድ አወጡና በማግስቱ ቬአ ተራራ አናት ላይ ቀበሩት።

ስሙን ያልሰሙ ልጆች ዛሬም ሥራውን ያያሉ። ሲናደድ አረንጓዴ ግዙፍ የሚሆነውን ኸልክን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ስታን ሊ ሐሳቡን ከፍራንከንስታይንና ከጂክል እንደወሰደ ተናግሯል፤ የኸልክ ፊልም በአዲስ አበባ ሳሎኖች ስንት ጊዜ እንደታየ ወላጅ ያውቀዋል። ኤዲንብራ ደግሞ ሁለቱንም ሰዎቿን ለቱሪስት አዘጋጅታለች። የብሮዲ ቁም ሣጥን አሮጌው ከተማ ውስጥ በሚገኘው የደራሲያን ሙዚየም ይታያል። ጥቂት እርምጃ አለፍ ሲሉ በብሮዲ ስም የተጠራ መጠጥ ቤት አለ፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ምልክት በአንድ ወገን የምክር ቤቱን አባል፣ በሌላው ወገን ጭንብል ያጠለቀውን ሌባ ያሳያል። ሙዚየሙ መግቢያ አያስከፍልም። መጠጥ ቤቱ ያስከፍላል።